ከአጎትህ የቀረህን ቴሌስኮፕ ከመሸጥህ በፊት ጨረቃን እይበት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ማታ አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አጎትህ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ የተዉልህ ባለ 114 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ጅማ እጅህ ከገባ ሁለት ወር ሆኖታል። ትልቁን ማጉያ ገጥመህ ወደ ኮከብ ስታዞረው የሚታይህ ግራጫ ጭጋግ ብቻ ነው፤ ማቆሚያው ላይ የተንጠለጠለው ብረት ለምን እንደሆነ አልገባህም፤ ይባስ ብሎ አንድ ሰው "በ6 ሺህ ብር ልውሰድልህ" ብሎሃል። "ተበላሽቶ ነው ወይስ እኔ አላወቅኩበትም? ልሽጠው?" ብለሃል።

አልተበላሸም። አትሽጠው፣ ቢያንስ እስከ ጥር ድረስ። እኔም ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከአባቴ ባለ 76 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ወርሼ፣ አንተ አሁን የቆምክበት ቦታ ላይ ቆሜ ነበር። ያሳለፍኩትን ልንገርህ፤ ስህተቴንም ጭምር፣ አንተ እንዳትደግመው።

ከጭጋጉ ልጀምር። ቱቦው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት እያት፣ 114 እና 900 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉባት። 114 የመስታወቱ ስፋት ነው፣ 900 ደግሞ ብርሃኑ ከመስታወቱ ተነስቶ እስኪሰበሰብ የሚሄደው ርቀት፣ ሁለቱም በሚሊሜትር። አይፒስ በሚባሉት፣ ዓይንህን በምታስጠጋባቸው ትንንሽ ሌንሶች ላይም ቁጥር አለ። 900ን በዚያ ቁጥር ስታካፍለው ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ታውቃለህ። በ25ቱ 36 ጊዜ፣ በ10ሩ 90 ጊዜ፣ በ4ቱ 225 ጊዜ ያጎላል። አንተ ደግሞ በ4ቱ ላይ ሦስት ጊዜ የሚያበዛውን ረጅሙን ቱቦ ጨምረህበታል፤ 675 መሆኑ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥርም ይኸው ነው፣ ብዙ ሰው ያሳሳተ ቁጥር። አንድ ቴሌስኮፕ በጥሩ ሌሊት የሚችለው የመስታወቱን ስፋት ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ ያንተ 228 አካባቢ ይቆማል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ስትሄድ ያው የተሰበሰበ ብርሃን ነው የሚሳሳው። በአቦሉ ላይ ውኃ እየጨመርክ በረካውን ለሃያ ሰው እንደማዳረስ ነው፤ ሲኒው ሞልቷል፣ ቡናው ግን የለም። በዚያ ላይ የአየሩ መንቀጥቀጥና የትራይፖዱ መወዛወዝም አብሮ 675 ጊዜ ይጎላል።

ስለዚህ ረጅሙን ቱቦና 4ቱን አይፒስ ከነካርቶናቸው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጥና ለሦስት ወር እርሳቸው። በ25ቱ ጀምር። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ከሚታየኝ ነገር አብዛኛውን የማየው በዝቅተኛው ማጉያ ነው።

መስታወቱን አትንካው። እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። አባቴ ካረፈ በኋላ ቱቦውን ስከፍት መስታወቱ ላይ አቧራ አይቼ ከፋኝ፣ ለክብሩም መሰለኝ፣ በሶፍትና በአልኮል ጥርግርግ አድርጌ አሸሁት። የዓይን መነጽር ሌላ ነው፤ የቴሌስኮፕ መስታወት አብረቅራቂው አልሙኒየም ከላይ ነው የተቀባው፣ ውፍረቱም ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እጅግ ያነሰ ነው። ዛሬም ባትሪ ሳበራበት በጣቴ ልክ የተጠማዘዙ ጭረቶች ይታዩኛል፣ ያን ቀን እጄ የሄደበት መንገድ። አቧራ ብቻ ከሆነ ተወው፤ ትንሽ አቧራ የሚታየውን ነገር አይቀንስብህም። የግድ ከሆነ በጎማ መንፊያ ንፋ፣ በአፍህ አትንፋ፣ ምራቅ ይሄዳል።

ሌላው ይህን ከማንበብህ በፊት አለማድረግህን ተስፋ የማደርገው ነው። ከአይፒሶቹ ጋር በጣም የጠቆረች፣ የፀሐይ ማያ ናት የተባለች ትንሽ መስታወት ካገኘህ ዛሬውኑ ሰብረህ ጣላት። አይፒሱ ላይ የምትገጠመዋ ማለቴ ነው። መስታወቱ የሰበሰበው ሙቀት በሙሉ እሷ ላይ ስለሚያርፍ ድንገት ትሰነጠቃለች፣ ዓይን ደግሞ ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም። ሰኔ 14 ቀን 2012 የፀሐይ ግርዶሽ በነበረ ጊዜ የሰፈር ልጆች "ቴሌስኮፑን አውጣልን" ብለው በሬን ሲደበድቡ እምቢ አልኩ። የጫማ ካርቶን በመርፌ በስቼ በደመናው መሃል የተገመጠችውን ፀሐይ ግድግዳ ላይ አሳየኋቸው። ተደስተው ሄዱ፣ ዓይናቸውም ደህና ነው። ቀን ቱቦውን ክፍት አድርገህ ውጪ አታቁመው፤ ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ ጭራሽ።

አሁን ወደ ሥራው። ትንሿን አነጣጣሪ፣ ፋይንደሯን፣ በቀን አስተካክላት፣ ማታ ከሞከርከው ትበሳጫለህ። ከፀሐይ ራቅ ያለ አቅጣጫ ምረጥ፤ የሩቅ የቴሌ ማማ ጫፍ ወይም የመስጊድ ሚናራ ላይ ያለች ጨረቃ ይሁን፣ በ25ቱ አይፒስ መሃል ላይ አስገባው። ከዚያ የፋይንደሯን ብሎኖች እያዞርክ ያው ጫፍ ውስጧ ባለው መስቀል መሃል እንዲያርፍ አድርግ። ማማው ተገልብጦ ይታይሃል። እሱ ብልሽት አይደለም፣ ይህ ዓይነቱ ቴሌስኮፕ ሁሉንም ነገር ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ ሰማይ ላይ ደግሞ ላይና ታች የለም።

የመጀመሪያው ሌሊትህ የጨረቃ ይሁን። ሙሉ ጨረቃን አትምረጥ፤ ብርሃኑ ከፊት ስለሚመጣ ጥላ የለም፣ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ልሙጥ ሆና ነው የምትታየው። ግማሽ አካባቢ ስትሆን ግን ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ ተራራው ሁሉ ረጅም ጥላ ይጥላል። መቼ እንደሆነ ለማወቅ ጅማ ውስጥ አፕ አያስፈልግህም፤ ሙስሊም ጎረቤትህን "በሂጅራ ወሩ ስንት ገባ?" በለው። ከ7 እስከ 10 ካለህ ያ ያንተ ሌሊት ነው። ዘጠነኛው ወይም አሥረኛው ቀን ላይ ኮፐርኒከስ የሚባለው ጉድጓድ ከጥላው ይወጣል፣ ግድግዳው በደረጃ በደረጃ የተናደ፣ መሃሉ ላይ ትንንሽ ጫፎች ያሉት። ስፋቱ 93 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከጅማ አጋሮ ደርሶ መልስ ያህል። ይህን አስበህ ስታየው ሌላ ነገር ነው የሚሰማህ።

አንድ ነገር ልብ በል። ከውጭ የሚመጡ መጻሕፍትና ቪዲዮዎች አብዛኞቹ የተሠሩት እንደ አውሮፓ ላለው ለሰሜኑ ዓለም ሰው ነው። እነሱ ጋ አዲስ ጨረቃ ቆማ ነው የምትታየው፣ እኛ ጋ እንደ ጀልባ ተንጋላ ትገባለች። ያ የተንጠለጠለ ብረት ያደናገረህም በዚሁ ምክንያት ነው። ብረቱ የቱቦው ሚዛን ነው። ማቆሚያው የተሠራው አንዱ ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ እንዲያነጣጥርና የምድርን መዞር በአንድ መሪ ብቻ እንድትከተል ነው። አውሮፓ ውስጥ የሰሜን ኮከብ 50 ዲግሪ ከፍ ብላ ትቆማለች። ጅማ ግን ከምድር ወገብ 7.7 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ፣ ክንድህን ዘርግተህ ጡጫህን አድማሱ ላይ ብታሳርፍ ከጡጫህ ከፍታ በታች ትውላለች፤ ያውም ኮረብታና ጭስ ካልሸፈናት። እኔ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በርግጠኝነት ያየኋት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። ስለዚህ አትፈልጋት። የማቆሚያው ጎን ላይ ያለውን የዲግሪ ቁጥር ወደ 8 አውርደው፣ ዘንጉን በስልክህ ኮምፓስ ወደ ሰሜን አዙረው፣ በቃ። ዘንጉ ይህን ያህል ሲጋደም ሚዛኑ ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጫል፤ እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ማታ ስታገል አምሽቻለሁ። ትራይፖዱን ትንሽ አዙረህ ብረቱ በሁለት እግሮች መካከል እንዲወርድ ካደረግከው ይገላገልሃል።

ጊዜው ደግሞ ወሳኝ ነው። ጅማ ዝናብ የምትወድ ከተማ ናት፣ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሰማዩ ያንተ አይደለም። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ግን ለዓመቱ ይክሳል። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጥቁር ይሆናል፤ እኛ ጋ ምሽት እንደ ሰሜኑ አይጎተትም። ቱቦውን ከማየትህ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለህ አውጣው፣ የቤት ውስጥ ሙቀቱ እስኪወጣለት ምስሉ ይርገበገባል። አንተም ያን ግማሽ ሰዓት ስልክህን ኪስህ ከተህ በባዶ ዓይንህ ወደ ላይ እያየህ ቆይ። ዓይን ጨለማ ለመልመድ ይህን ያህል ጊዜ ይፈልጋል፣ አንድ የስልክ ብርሃን ደግሞ ሁሉንም ከዜሮ ያስጀምረዋል። እኔ ባትሪዬን በቀይ ፌስታል ሁለት ጊዜ ጠቅልዬዋለሁ፤ ቀይ ብርሃን ያን ያህል አይጎዳም።

ጥር መጨረሻ ላይ ማታ 3 ሰዓት ገደማ ወጥተህ አናትህን ቀና ብትል ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ከራስህ በላይ ነው። ሦስቱ የተሰለፉት ከዋክብት መታጠቂያው ናቸው። ከነሱ ወደ ደቡብ የተንጠለጠለውን ሰይፍ በ25ቱ እይ። መሃሉ ላይ እንደ እስትንፋስ የፈካ ነገር አለ፣ አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱበት የጋዝ ደመና ነው፣ 1,350 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ብርሃኑ እኛ ጋ ለመድረስ ያን ያህል ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው። ቀለም አትጠብቅ። ፎቶ ላይ የምታየው ቀይና ሐምራዊ ካሜራው ረጅም ሰዓት ብርሃን ጠጥቶ ያመጣው ነው፤ ዓይን በጨለማ ግራጫ ነው የሚያየው። ቴሌስኮፕ የሚሸጥ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በዚህ ነው፤ ፎቶውን ጠብቆ ግራጫ ሲያገኝ። ከኦሪዮን ወደ ሰሜን ምዕራብ ደግሞ ሰባቱ ከዋክብት አሉ፣ በመጽሐፈ ኢዮብ ከኦሪዮን ጋር አብረው የተጠሩት። እነሱን በፋይንደሯ እያቸው፣ በትልቁ ቱቦ አይሻሻሉም፤ እንዲያውም ከእይታ ያመልጣሉ።

የጅማ ልጅ ሆነህ አንድ ኮከብ ሳላሳይህ አላልፍም። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለእያንዳንዱ አገር አንድ ኮከብና የሱን ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ፣ ኢትዮጵያ ኮከቡን "ቡና" ፕላኔቱን "አቦል" አለችው። አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው፣ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይርቃል። በባዶ ዓይን አይታይም፣ ባንተ ቴሌስኮፕ ግን በቀላሉ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ማታ 3 ሰዓት ወደ ሰሜን ዞረህ ቁም። አልማክ እና አልጎል የሚባሉትን ሁለት ብሩህ ከዋክብት ስቴላሪየም በሚባለው ነፃ አፕ ለይ፣ ቡና በሁለቱ መካከል እኩሌታው ላይ አለ ማለት ይቻላል። ከሌሎቹ የሚለየው ነገር የለም፣ ተራ ነጥብ ነው፣ አቦልንም በምንም ዓይነት የቤት ቴሌስኮፕ አታየውም። ግን እናቴ ቡና እያፈላች፣ የጀበናው ሽታ እስከ ጓሮ እየመጣ፣ ያቺን ነጥብ መሃል ላይ ያስገባሁበት ማታ አይረሳኝም። እግረ መንገድህን አልማክን በ10ሩ እያት፤ አንድ የሚመስለው ኮከብ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ወርቃማ አንዱ ሰማያዊ። ቀለም ለጠማው ሰው እዚያ አለ።

ፕላኔቶቹ ቦታቸውን ስለሚቀያይሩ የዛሬውን ከአፑ እይ። ጁፒተር ሳይብለጨለጭ ረግቶ የሚያበራው ነው፤ ከጎኑ በመስመር የተደረደሩ እስከ አራት ነጥቦች ታያለህ፣ ነገ ማታ ተራቸውን ቀይረው ታገኛቸዋለህ። ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው 20 ጊዜ ገደማ በሚያጎላ ቱቦ ነው፤ ያንተ ከሱ በብዙ ይሻላል።

ሳተርንን መጀመሪያ ያሳየሁት ለእናቴ ነው። ጋቢዋን ተከናንባ፣ ጡብ ላይ አቁሜያት፣ "ቱቦውን እንዳትነኪው፣ ዓይንሽን ብቻ አስጠጊ" አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ቀና ብላ የቱቦውን አፍ በእጇ ዳበሰች። "ምን ለጥፈህበት ነው?" አለችኝ። ቀለበቱ በጣም ጥርት ያለ ስለነበረ ሥዕል መስሏታል። እንደገና ስታይ ግን ወደ ጫፍ ተንሸራቶ ሊወጣ ሲል "ሄደ እኮ! ያዘው!" ብላ እጄን ጨበጠችኝ። የሄደው እሱ አይደለም፣ እኛ ነን የዞርነው። በኔ መካከለኛ አይፒስ አንድ ነገር ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ሦስት ደቂቃ አይሞላውም። ያኔ ነው የማቆሚያው ዘንግ ጥቅሙ የገባኝ፤ መሪውን በጣቴ ቀስ እያልኩ ማዞር ብቻ ነበር የቀረኝ። አንተ ስታየው ቀለበቱ ቀጭን ከሆነብህ አትደንግጥ። መጋቢት 2017 ላይ በጠርዙ ዞሮብን ጠፍቶ ነበር፣ አሁን ከዓመት ዓመት እየተከፈተ ነው።

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ክፍተት ከሰጠህ ማታ 5 ሰዓት ግድም ወደ ደቡብ እይ። የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራቱ ከዋክብት ከአድማሱ ሁለት ጡጫ ከፍ ብለው ይቆማሉ። አውሮፓ ያለ ሰው ይህን ለማየት አውሮፕላን ይሳፈራል፣ እኛ ጓሯችን ነው ያለው።

የት ላይ ቁም? መሃል ከተማ ብትሆንም ለጨረቃና ለፕላኔቶች ይበቃል። መብራት በጠፋ ማታ ደግሞ ሻማ ከመፈለግህ በፊት ቴሌስኮፑን አውጣ፣ ፍኖተ ሐሊብ ከጣሪያህ በላይ ይዘረጋልሃል። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ከወጣህ ከተማው ከታች ይቀርና ሰማዩ ይጠቁራል፤ ግን ብቻህን አትሂድ፣ ጅብም አለ፣ ሌሊት ረጅም ቱቦ ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰውም ያስፈራል። የምትቆምበት አካባቢ ያሉትን ሰዎችና ዘበኛውን ቀን ሄደህ አናግር፣ አንድ ጊዜ ጨረቃን ካሳየሃቸው ከዚያ በኋላ ጠባቂዎችህ እነሱ ናቸው። ቱቦውንም በሰው መስኮት አቅጣጫ አታዙር። ቦዬ አካባቢና ወንዝ ዳር አልመክርህም፤ ጭጋጉና ጤዛው መስታወትህን ያለብሰዋል። ጤዛ ከያዘው አትጥረገው፣ ቤት አስገብተህ አፉን ወደታች ደፍተህ ራሱ ይድረቅ።

ክረምቱን በተመለከተ የጅማ እርጥበት የሌንስ ጠላት ነው። በሁለተኛው ዓመቴ ከሰኔ እስከ መስከረም ከነስፖንጁ ሻንጣው ውስጥ ዘግቼ አስቀመጥኩት። ስከፍተው አንዱ አይፒስ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ነጭ ክር አድጎበት አገኘሁ፤ ሻጋታ ነው፣ መስታወቱን በልቶት አልተመለሰም። አሁን አይፒሶቹን ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች ጋር አስቀምጣለሁ። ሰፈር ውስጥ ጫማ የገዛ ሁሉ ያመጣልኛል።

የአጎትህን ሻንጣ ደግሞ ኪስ ኪሱን ፈትሽ። እኔ አባቴ ቴሌስኮፑን እንደ ዕቃ ብቻ ያስቀመጠው ይመስለኝ ነበር። ከስፖንጁ ሥር አንድ ደብተር ወጣ። መጋቢት 1978 ላይ በእርሳስ "ሊነጋጋ ሲል፣ በደቡብ፣ ጅራቱ እንደ ጭስ። ልጆቹን ቀሰቀስኩ፣ ትንሹ አልነቃም" ይላል። የሃሌይ ኮሜት ነው። ትንሹ እኔ ነኝ። ኮሜቱ የሚመለሰው በ2053 ነው።

ስለ 6 ሺህ ብሩ፦ ሰውየውን "ጥር ካለፈ በኋላ እንነጋገር" በለው። እስከዚያ የአይፒሱን አንገት፣ ቱቦው ውስጥ የሚገባውን ክፍል፣ በማስመሪያ ለካና ጻፍልኝ። 31.7 ሚሊሜትር ከሆነ ዘመናዊው ነው፣ ተጨማሪ ከፈለግህ ይገኛል። 24.5 ከሆነ የድሮው ነው፤ እሱ ገበያ ላይ እየጠፋ ስለሆነ ውድ ዋጋ ከፍለህ እንዳትገዛ፣ እኔ ጋ ኤች 20 የሚል ጽሑፍ ያለበት አንድ ትርፍ አይፒስ አለ፣ ቅዳሜ ሂርማታ ገበያ ስመጣ ይዤልህ እመጣለሁ።